ሳጥኗ ስታንኳኳ የዋለችበት ቀን

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሰይፈሥላሴ፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ደብዳቤውን ግማሽ ላይ አጥፈህ ኪስህ ብትከተው እንኳ ይህችን ሳታነብ እንዳትቀር ብዬ ነው። የሉሲን ምስል ልከኸዋል። አንተ ባልከው ሰዓት፣ አንተ እንዳልከው ልከኸዋል። እኔ እህትህ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ክረምት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ስንደዋወል «እኔም እንጃ እትዬ፤ ምናልባት ቁልፉን አልተጫንኩት ይሆናል። ሰው ሁሉ አልላክህም እያለኝ እኔ ብቻዬን ልኬያለሁ ማለት ደከመኝ» አልከኝና ስልኩን ዘጋህ። ከዚያ ወዲህ ቁጥርህ አይሠራም። ሰው ከተናገረብህ ሁሉ ይልቅ ያቺ «እንጃ» ያልካት ቃል ናት ስታንገበግበኝ የከረመችው። ሁለተኛ እንጃ እንዳትል።

አሁን እንዴት ነህ? የያቤሎ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ያየችህ ጉዲቱ ናት የነገረችኝ፤ አብራህ ኮሌጅ የተማረችው። «ግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ቆርቆሮ ሲያወርድ አየሁት፤ ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል፣ ሰላም ስለው ግን ስሜን ጠርቶ መለሰልኝ» አለችኝ። ስሟን በመጥራትህ ብቻ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ። ነገ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጅህ ታስረክብሃለች።

እማዬ አለች። የልብ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ጉልበቷ ግን ከበር እስከ በር ነው። ሰው ስላንተ ሲጠይቃት «ማሙሽ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ጠያቂውም እሷም ሌላ ነገር ያነሳሉ።

ከዚህ በታች የምታውቀውንም ጭምር ከመጀመሪያው እጽፍልሃለሁ። አንተ ከቦንጋ ሆነህ ያየኸውንና እኔ ከዚህ ሆኜ ያየሁትን ጎን ለጎን አድርገህ እንድታየው ነው።

ሉሲ የጋሽ ሰብስቤ ልጅ ናት፤ ከኛ ጋር ባንድ ግንብ ተዋስና ያደገች። አግብታ ወደ አባቷ አገር ወደ ቦንጋ ስትሄድ አንተም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እዚያው ከተማ ክሊኒክ ውስጥ የራጅና የሲቲ ስካን ባለሙያ ሆነህ ተቀጠርክ። ጋሽ ሰብስቤ በራችን ድረስ መጥቶ «በል እንግዲህ፣ እህትህን አየት እያደረግህ» ያለህን እኔም ሰምቻለሁ።

አምና ኅዳር፣ በዚያን ቀን ከሞተር ሳይክል ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ መጣች። በእግሯ ነው የገባችው፤ ያንተን ጋዋን አይታ «ዶክተር መሰልክብኝ» ብላ ስቃብሃለች። ጭንቅላቷን በሲቲ ስካን አነሳህ። ምስሉን የሚያነብ ሐኪም እዚያ ስለሌለ እንደ ወትሮው ጦር ኃይሎች ላለው የምስል ንባብ ማዕከል ላክህ። ከረፋዱ ጀምሮ የከተማው ስልክ ጠፍቶ ስለነበር ደውለህ «ደረሳችሁ ወይ?» ማለት አልቻልክም። ወጣቱ ሐኪማችሁም ልጅቷ ቁጭ ብላ እያወራች ስለሆነ መልሱን ልጠብቅ አለ። መልሱ አልመጣም። አመሻሹ ላይ ራሷን ፈለጣት፣ አስመለሳት፤ ጅማ ሳትደርስ መንገድ ላይ አለፈች።

በማግስቱ ማዕከሉ «ምንም አልደረሰንም» አለ። ክሊኒካችሁ ውስጥ ሆና ምስሎችን ተቀብላ ወደ አዲስ አበባ የምታስተላልፈው ሳጥን ስትፈተሽ ባዶ ሆና ተገኘች፤ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፍታ ስለተነሳች የያዘችውን ሁሉ ረስታለች። መስመሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ደግሞ «መስመራችን ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነበር» ብሎ ጻፈ። ማዕከሉ ንጹሕ፣ ሳጥኗ ንጹሕ፣ መስመሩ ንጹሕ። አንተ ብቻ ቀረህ።

የቀብሩን ዕለት አልጽፈውም። ጋሽ ሰብስቤ «ይህን ልጅ ከዓይኔ አርቁልኝ» ሲል የዕድሩ ሰዎች ክንድህን ይዘው ከድንኳኑ ሲያስወጡህ አብሬህ ነበርኩ።

ከጥምቀት በኋላ ከባንኩ ለቅቄ አዲስ መሥሪያ ቤት ስገባ ለእማዬ «ለቤት ስለሚቀርበኝ ነው» አልኳት። ላንተም እንደዚያው አልኩህ። አይቀርበኝም፤ ከ18 ማዞሪያ ሁለት ታክሲ ነው። የገባሁበት ድርጅት ያንን «አረንጓዴ ነበር» የሚለውን ወረቀት የጻፈው ነው። ሆን ብዬ ነው የገባሁት። ስለ ሉሲ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ሥራውን በቀላሉ ላስረዳህ። ድርጅቱ ትልቁን መስመር ተከራይቶ ለብዙ ደንበኞች የየራሳቸውን የግል ኔትወርክ ይዘረጋላቸዋል። ፋይበሩ አንድ ነው፤ መረጃውን በየመንገዱ የሚመሩት ራውተሮችም አንድ ናቸው። ግን በውስጡ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ምናባዊ ኔትወርክ አለው፤ የክሊኒካችሁ ለብቻ፣ የእህል ላኪው ለብቻ፣ የትምህርት ቤቱ ለብቻ። አንዱ የሌላውን አያይም። ችግሩ፣ ሁሉም በየግቢያቸው አንድ ዓይነት የአድራሻ ቁጥር ነው የሚጠቀሙት። አንድ ሰው «ቤት ቁጥር 112» ብሎ ቢልክህ ወረዳውን ካልነገረህ የት ትሄዳለህ? ኮልፌም 112 አለ፣ ልደታም 112 አለ። ራውተሮቹ ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው ቁጥር ምን ያህል የመረጃ ፍሰት፣ እኛ ትራፊክ የምንለው፣ እንዳለፈ ይመዘግባሉ፤ የማን 112 እንደሆነ ግን አይናገሩም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቁ ስክሪን የሚታየው ድምሩ ብቻ ነው። ድምሩ ካለፈ አረንጓዴ ነው። በውስጡ የማን ዕቃ የማን ቤት እንደገባ የሚያይ ዓይን አልነበረም።

አብራኝ የምትሠራ አልፊያ የምትባል ልጅ አለች፤ ትራፊክ ክፍል ናት። እሷ ከኔ በፊት አንድ ነገር ጀምራ ነበር። ራውተሮች ቀን ከሌት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ «ይህ አድራሻ፣ የዚህ ደንበኛ የሆነው፣ በኔ በኩል ይገኛል» ይባባላሉ። መንገድ ሲዘጋም ሲከፈትም ይነጋገራሉ። በዚያ ወሬ ውስጥ የደንበኛው ምልክት አለበት። አልፊያ ይህን የመንገድ መረጃ ማንም በማይፈልገው አሮጌ ሰርቨር ላይ እያጠራቀመች ነበር።

«ለምንሽ ነው?» አልኳት።

«አንድ ቀን የሚጠቅም ይመስለኛል። አቶ ፈቀደ ደግሞ ቦታ ነው የሚይዘው፣ አጥፊው ይለኛል።»

አቶ ፈቀደ አለቃችን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ቀድሜ ልንገርህ፣ እንዳትጠላው።

እኔና አልፊያ የትራፊኩን መዝገብ ከመንገዱ መረጃ ጋር በሰዓት በሰዓት ማዛመድ ጀመርን። ከዋናው ሥራችን ጎን ለጎን ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ፈጀብን፤ የማይገጥም ነገር ብዙ ነበር። መስከረም ላይ ገጠመልን። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ አንድ ቀለም ሰጥተን ስንከፍተው ዕውር የነበረው ስክሪን በአንዴ ተገለጠ። የማን ትራፊክ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በመላ አገሪቱ ይታያል። አልፊያ አቀፈችኝ። እሷ ስለ ሥራው ነው የተደሰተችው። እኔ ግን መፈለጊያው ላይ ሉሲ የሞተችበትን ቀን ጻፍኩ።

የክሊኒካችሁ ቀለም ሰማያዊ ነው። ጠዋት ከቦንጋ ተነስቶ እንደ ወትሮው ጦር ኃይሎች ይገባል። ረፋድ ላይ ስልኩን ያጠፋው የፋይበር መቆረጥ ደረሰ። ያ መቆረጥ የእህል ላኪውንም ዋና መስመር አቋረጠ፤ የናንተ በሌላ መንገድ ሲቀጥል የእህል ላኪው መጠባበቂያ መስመር ተነሳ። ሲነሳ «ይህ አድራሻ በኔ በኩል ነው» ብሎ ተናገረ። የማዕከሉ ሰርቨር አድራሻና የእነሱ መጋዘን አድራሻ አንድ ቁጥር ናቸው። አንድ ሰው መጠባበቂያውን ሲያዋቅር በአንድ መስመር ጽሑፍ ተሳስቶ ወሬው ወደ እናንተ ኔትወርክም እንዲገባ አድርጎት ነበር። ሰማያዊው ቀለም ከጅማ ላይ ታጥፎ የእህል ላኪው መጋዘን ውስጥ ገባ።

ያንተ ሳጥን ምስሉን ካንተ ተቀብላለች። ከዚያ የማዕከሉን በር ማንኳኳት ጀመረች። የምታንኳኳው ግን የሰው በር ነበር፤ በዚያ ቁጥር ምስል የሚቀበል ማንም አልነበረም። መልስ ስታጣ ጥቂት ቆይታ እንደገና፣ እንደገና። መዝገቡ ላይ ትንንሽ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። የመጀመሪያዋ ነጥብ አንተ ልኬያለሁ ባልክበት ሰዓት ላይ ናት። የመጨረሻዋ መብራቱ በሄደበት ሰዓት ላይ ናት። በማግስቱ ሊመረምሩ ሲመጡ የተቆረጠው ፋይበር ተጠግኖ፣ መጠባበቂያው ተኝቶ፣ መንገዱ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ሞከሩት፤ ሠራ። አረንጓዴ።

አልፊያ ፊቴን አይታ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ስለ ሉሲና ስላንተ የነገርኳት። ወንበሯን አስጠግታ ነጥቦቹን እንደገና አየቻቸው። «ወላሂ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አላረፈችም» አለች።

አቶ ፈቀደ ዘንድ ይዘነው ገባን። በጥሞና ነው ያየው። ሁለት ጊዜ አስደገመን። ከዚያ በሩን ዘጋው።

«ይህን ከናንተ ሌላ ያየ አለ?»

«የለም» አልኩት። «አቶ ፈቀደ፣ መንገዱ አሁንም እንደተሳሳተ ነው። የእህል ላኪው መጠባበቂያ በተነሳ ቁጥር ይደገማል። ዛሬውኑ እናስተካክለው። ሁለተኛው ደግሞ ለክሊኒኩ እንጻፍላቸው። አንድ ሰው በዚህ ምክንያት ከሥራው ተባሯል።»

«ወንድምሽ ነው አይደል?» አለኝ። ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ። የአባታችንን ስም አይቶ ይሆናል። «እፀገነት፣ አዝናለሁ። ግን ከጻፍን የምንጽፈው ሰው ገደልን ብለን ነው። ፍርድ ቤት ነው። ደንበኛው ሁሉ ይሸሻል። እዚህ የሚሠራው ሰው ሁሉ ቤተሰብ አለው። የደንበኞቹ ውል ይታደስና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይነካ።»

«እስከዚያ መስመሩ ከተቆረጠስ?»

«በየቀኑ አይቆረጥም።»

ጥቅምት ላይ ተቆረጠ። ምሳ በልተን ከመመለሳችን ነው። የመንገድ ሥራ ላይ የነበረ ማሽን ቆረጠው አሉ። ሰማያዊው ቀለም ዓይናችን እያየ ታጠፈ። ብዙም ሳይቆይ ነጥቦቹ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ የምናየው ያለፈ መዝገብ አልነበረም፤ አንድ ሰው በዚያች ደቂቃ ያንተ ማሽን አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ የተካህ ሰው ቁልፉን ተጭኗል፣ ሐኪሙም መልስ እየጠበቀ ነው።

አቶ ፈቀደ ጋ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ነበር። «ከስብሰባው ስወጣ እንነጋገራለን» አለኝ። «ሰው ተኝቷል እዚያ!» አልኩት። «እፀገነት፣ እንዳትነኪ ብያለሁ» ብሎ ዘጋው። አልፊያ እጄን ያዘችኝ። ቆይታ ለቀቀችኝ። የተሳሳተችውን አንዷን የጽሑፍ መስመር አጠፋኋት። የወሰደብኝ ጊዜ ስምህን ለመጻፍ የሚፈጀውን ያህል ነው። ሰማያዊው ቀና ብሎ ጦር ኃይሎች ገባ፤ ነጥቦቹ ቆሙና ምስሉ በሙላት ወረደ። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ድኖ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ የነገሩ ትንሽነት ነው። ሉሲ የሄደችው በዚያች አንዲት መስመር ነው።

«ያለ ፈቃድ የደንበኛ መንገድ ነክተሻል» ተብዬ በዚያው ቀን ኮምፒውተሬን ተቀበሉኝ። ኅዳር ሲገባ የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ያስተካከልኩትን ግን አልመለሱትም፤ «መደበኛ ጥገና» ብለው መዘገቡት። ስለዚህ ሳጥኗ ከእንግዲህ የሰው በር አታንኳኳም፤ ይኸ አንድ ነገር ነው። የአልፊያን አሮጌ ሰርቨር ደግሞ ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን ብለው አጠፉት። የትራፊኩ መዝገብ የሚቆየው ለአንድ ዓመት ስለሆነ የዚያ ቀን ነጥቦች በዚህ ወር ራሳቸውን በራሳቸው ሰረዙ። ቅጂ የለኝም። አልፊያ ትኖራት ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ አልጠየቅኳትም። ሕፃናት ታሳድጋለች፤ እዚያው እየሠራች ነው። ክሊኒካችሁ ዘንድ ደውዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ነው ያናገረኝ፤ «የመስመር ድርጅቱ በማኅተም ከጻፈልን ጉዳዩን እንከፍተዋለን» አለኝ። ማኅተሙ ያለው አቶ ፈቀደ ጋ ነው። እንግዲህ ያ ቀን የሚገኘው በኔና በአልፊያ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ባንተ።

ወጣቱ ሐኪማችሁ ግን ሰው ነው። ሲቲ ማሽኑ ውስጥ ቀርቶ የነበረውን የሉሲን ምስል ቀድቶ ላከልኝ፤ የማዕከሉ ሐኪም ዶክተር ተክለማርያም ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ዘነበወርቅ ነው፤ የእረፍቱ ቀን ስለነበር እቤቱ ተቀበለኝ። ምስሉን ከፈተው። ብዙ አልፈለገም፤ የፈሰሰውን ደም ወዲያው ነው ያየው። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና «ስንት ሰዓት ላይ ነው የተነሳው?» አለኝ። ነገርኩት።

«ያን ቀን ከሰዓት ተረኛው እኔ ነበርኩ» አለ። «ሥራ አልነበረኝም። ጋዜጣ ሳነብ ነው የዋልኩት።»

ባለቤቱ ሻይ ይዛ መጣች፤ ማናችንም አልነካነውም። ከዚያ በኋላ ስላወራነው ነገር እንዳትጠይቀኝ፤ የሕክምና ነገር ነው፣ እኔም በደንብ አልገባኝም። ስለ ምስሉ ግን «ጥርት ያለ ነው፤ ያነሳው ልጅ እጁ ጎበዝ ነው» ብሏል። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እስከ በር ሸኝቶኝ እጄን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔ ነኝ መጀመሪያ የለቀቅሁት።

ቀጥሎ የሄድኩት ጋሽ ሰብስቤ ዘንድ ነው። ሱቁ አሁንም እዚያው 18 ማዞሪያ ነው፤ ማርና ኮረሪማ ይሸጣል። ከቀብሩ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም፤ እማዬ በዚያ መንገድ ካለፈች ነጠላዋን ስባ ነው የምታልፈው። ሰው እስኪወጣለት ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ስገባ አየኝና ኮረሪማውን መልቀሙን ቀጠለ።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ አንድ ጊዜ ያዳምጡኝ።»

«ተናገሪ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቤት ቁጥሩ፣ ስለ መጠባበቂያው፣ ሳጥኗ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለማንኳኳቷ። አላቋረጠኝም። መሃል ላይ እጁ መልቀሙን አቆመ።

«ልኮታል ነው የምትይኝ?»

«ልኮታል።»

«ታዲያ የት ገባ?»

«ሌላ ሰው መስመር ውስጥ። አንድ ሠራተኛ ሲያዋቅር ተሳስቶ ነው።»

«ማን ይባላል?»

«አላውቀውም ጋሽዬ። ከኔ በፊት የነበረ ነው፤ ለቅቆ ሄዷል። እሱም መሳሳቱን አያውቅም።»

ዓይኑ ቀይ ነበር፤ አላለቀሰም። «እንግዲህ ማንን ልጥላ?» አለኝ። «ሽቦ ልጥላ? ስሙን የማላውቀውን ሰው ልጥላ? ወንድምሽን መልኩን አውቀዋለሁ። ጥምቀት ሲሆን ሁለቱንም በትከሻዬ ነበር የማወጣቸው፤ እሱን በዚህ፣ ልጄን በዚህ። እሱን ስጠላ ቢያንስ ልጄን የሚያውቅ ሰው ነው የምጠላው። ጠዋት የምነሳው በሱ ነው። አትውሰጂብኝ።»

«ግን እኮ እውነቱ...»

«እውነት ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ሂጂ ልጄ። ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ።»

የተናገረው በቁጣ ቢሆን እመለስበት ነበር።

ሰይፉ፣ ይህን ሁሉ ጽፌ ና ልልህ ነበር ያሰብኩት። ቤትህ ነው፤ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው። ግን እንዳታለልኩህ እንዲሰማህ አልፈልግም። እዚህ ምንም አልተለወጠም። ሰፈሩ የሚያውቀው የድሮውን ነው፤ እኔ ደግሞ አሁን ለወንድሟ ብላ ከሥራዋ የተባረረች ሆኛለሁ። ሥራ እየፈለግሁ ነው። በየሄድኩበት አቶ ፈቀደ ዘንድ ይደውላሉ መሰለኝ፣ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ከዚያ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ና አልልህም፤ አትምጣም አልልህም። ደብዳቤውን ማንበብህን ብቻ ለጉዲቱ ንገራት፤ እሷ ትደውልልኛለች። መልስ ባትጽፍ አልቀየምህም።

ባለፈው እሑድ የሉሲ ሙት ዓመት ነበር። ድንኳኑ የተጣለው እነሱ ግቢ ነው፤ የኛን ግንብ ተደግፎ። የዕድሩ ጥሪ ቤት ለቤት ሲዞር እኛን ዘሎ አለፈ። እማዬ ግን ጠዋት ተነስታ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። «የት ልትሄጂ ነው?» ስላት «የትም» አለችኝ። በርጩማ አስወጣችኝና ግንቡ ሥር ቁጭ አለች። ቄሶቹ ሲጸልዩ፣ ሰው ሲያጉተመትም፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ሁሉም ይሰማል። ምሳ አልበላ አለች። ፀሐይዋ ስትዞር በርጩማዋን እያዞርኩላት ዋልን። በስተመጨረሻ ከወዲያ ማዶ «ነፍስ ይማር» ሲባል እሷም ከወዲህ «ሉሲን ነፍሷን ይማር» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ ያንተን ስም ጠራች።

«እማዬ፣ እሱ እኮ አለ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። ተነስታ ወደ ቤት ገባች።

እንግዲህ ወንድሜ፣ በምትሠራበት እጅህን፣ በምትተኛበት ልብህን ይጠብቅልኝ። ክፉ ሰው አያግኝህ፤ ደግ ሰው ሲያገኝህም አትሽሸው። እግዚአብሔር ዓይኑን ካንተ ላይ አያንሳ።

እህትህ
እፀገነት